ክረምት ሲወጣ ዝንብ ይዞ ወንዝ መውረድ፦ የጎጃም ውሃ መቼ ይመቻል?

«መቼ ነው የሚያዘው?» የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ባጃጅ ነጂውም፣ ወንዝ ዳር ከብት የሚያጠጣውም፣ ካፌ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውም። አንድ ወር ጠርቼ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን ጎጃም ውስጥ አንዱ ወንዝ ሲጠራ ሌላው ገና ጭቃ ነው። ጣና ደግሞ የራሱ ዓመት አለው። ስለዚህ ወሩን ለመነሻ ያህል እነግራችኋለሁ፤ መውጣት አለመውጣታችሁን የሚወስነው ግን ውሃው ነው። መልኩ ምን ይመስላል? እየጎደለ ነው ወይስ እየሞላ? ይህን ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

የእኔ ማጥመድ በዝንብ ነው፤ ፈረንጆቹ ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት። ትል የለም፣ ሊጥ የለም። መንጠቆ ላይ ላባና ሱፍ ይጠመጠምና ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ይደረጋል። ይህ ነገር ክብደት ስለሌለው ብቻውን አይወረወርም። የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ ዝንቡ ክሩን ተከትሎ ይሄዳል። አገራችን ውስጥ ዝንብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ባሌ፣ ዌብና ዳንካ ወንዝ ላይ ያለውን ትራውት ነው። ትራውት ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ነው። የእኛዎቹ ግን የገዛ ውሃችን ልጆች ናቸው፤ ዝንብም ይበላሉ።

ስጀምር ያስቸገረኝ የወቅቱ ነገር ነው። ቪዲዮ የሚሠሩት ፈረንጆች «በረዶው ቀለጠ፣ ወንዙ ሞላ፣ አሁን መጥራት ጀመረ» እያሉ ስለ መጋቢትና ሚያዝያ ያወራሉ። እኛ ጋ የሚቀልጥ በረዶ የለም። ወንዞቻችንን የሚሞላው ጮቄ ተራራና ሰከላ ደጋ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ የሚጠሩትም ዝናቡ ሲያባራ ነው። እነሱ ስለ ፀደያቸው የሚሉትን ምክር ወስዳችሁ ጥቢ ላይ ብታውሉት በደንብ ይሠራል። ስለ ባሕር ማጥመድ የሚሉትን ግን ዝለሉት። ጨው ውሃው ጅቡቲ ነው ያለው።

እንግዲህ ዓሣዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ባሕር ዳር ገበያ ላይ ሦስቱን ታገኛላችሁ፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ በሌላው አገር ቲላፒያ የሚባለው ነው። ዋና ምግቡ በውሃ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ደቃቅ ነገር ስለሆነ በዝንብ ማታለሉ ቀላል አይደለም። አምባዛ በሪዙ እየዳሰሰ፣ እያሸተተ የሚሄድ የሌሊት ዓሣ ነው፤ ደፍርሶ ሳለ እንኳ ይበላል። የእኔ ዓሣ ነጭ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ ያሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከዐሥራ አምስት በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር ዓለም ላይ የትም የሉም። ከእነሱ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ይህ ያስገርማል፤ ምክንያቱም ነጭ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው፤ መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም። የያዘውን የሚያደቀው ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው። ለእናንተ ያለው ጥቅም ደግሞ፣ መንጠቆውን ስታወጡ ጣታችሁ አይነከስም።

ለምን ጣና ላይ ብቻ ቀሩ ካላችሁ፣ መልሱ ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከታች ያለ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ ያለው ዓሣና ከታች ያለው ዓሣ ሁለት የተለያየ ዓለም ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ወቅቱ።

ሐምሌና ነሐሴ ዘንጉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ግልገል ዓባይን ወተት ዓባይ ከተማ ያለው ድልድይ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ቀይ አፈር ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ዝንብ በዓይን የሚበላ ነገር ነው፤ ዓሣው ካላየው የለም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው እንቁላል ለመጣል ወንዝ የሚወጡት በክረምት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ ይገባሉ። ጠጠር ያለበትና ንጹሕ ውሃ የሚሮጥበት ቦታ ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ በአንድ ቀን የሚያልቀው ለዓመታት የሚሆን ዘር ነው። ዘመናዊ መረብና የሞተር ጀልባ ወደ ጣና በደንብ የገቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነጭ ዓሣ ክፉኛ ቀንሷል። የብርብራውን ነገር ደግሞ ጎጃም ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም። ልጅ ሆነን እንደ ጨዋታ ነበር የምናየው። እርጉዝ ዓሣ በተሰበሰበበት ሰዓትና ቦታ ሲደረግ ግን ጨዋታ አይደለም።

ስለዚህ መስከረም ላይ አደይ አበባው ሲፈካ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ እጃችሁ ቢያሳክካችሁም ገባር ወንዞቹን ተዉአቸው። ይህ የእኔ ደንብ ነው። ሕግ የሚለውን ደግሞ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የመራቢያ ወቅትና ቦታ በተመለከተ የተከለከለ ነገር ስላለ «አላውቅም ነበር» አያድንም።

መስከረም ላይ የት ልሂድ ላለ፣ ራሱ ዓባይ አለ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ውሃው ሐይቁ ውስጥ ተኝቶ አፈሩን አራግፎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከሌሎቹ ወንዞች ቀድሞ ይጠራል። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወደ ጢስ ዓባይ ስትሄዱ፣ የአንዳሳ ወንዝ ከሚቀላቀልበት በላይ ያለው ክፍል ከታቹ የተሻለ ነው፤ አንዳሳ ገና ጭቃ ይዞ ይመጣልና። ችግሩ ውሃው በዝናብ ብቻ የሚመራ አለመሆኑ ነው። ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ በር አለ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ነው። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ በ2002 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። በሩ ሲከፈት ወንዙ ይሞላል፣ ሲዘጋ ይጎድላል፤ ሰማዩን አይታችሁ ልትገምቱት አትችሉም። እኔ ስደርስ ዳር ላይ አንድ ድንጋይ እመርጥና ውሃው የት ላይ እንደደረሰ አያለሁ። ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ አየዋለሁ። እየጨመረ ከሆነ ወደ መሐል አልገባም።

እዚያ አካባቢ ጉማሬ አለ። ቀልድ አይደለም። ሐይቁ ወደ ወንዝ በሚለወጥበት ቦታ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛሉ፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣሉ። ደንገሉ መሐል የተረገጠ ሰፊ መንገድ ካያችሁ የእነሱ ነው። እዚያ መንገድ ላይ አትቁሙ። ንጋት ላይ ስትወርዱ ድምፅ እያሰማችሁ ውረዱ። ጀልባ የሚቀዝፉት ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ ያውቃሉ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ገባሮቹ ይጀምራሉ። ወንዝ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጠራው። ሰከላ አካባቢ ውሃው ጠርቶ ታች ወተት ዓባይ ላይ ገና ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ ትንንሾቹ ገባሮች ደግሞ ከትልቁ ይቀድማሉ። ቆጋ ልዩ ነው። መራዊ ላይ ግድብ ስላለው ጭቃው ግድቡ ውስጥ ይቀራል፤ ከግድቡ በታች የሚወጣው ውሃ ቀድሞ ይጠራል። በጋ ላይ ግን ውሃው ለመስኖ ስለሚሄድ ወንዙ ይከሳል። ያኔ ግድቡ ራሱ ይሻላል፤ ቆሮሶም አምባዛም ነጭ ዓሣም አለበት።

መጥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ቦቲ አድርጌ ጉልበቴ ድረስ እገባለሁ። የቦቲዬ ጫፍ ጨርሶ ካልታየኝ ወደ ቤቴ። በጭላንጭል ከታየኝ ጥቁርና ትልቅ ዝንብ አስራለሁ፤ ጥቁር ነገር በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጥላው ይታያል። ጠጠሩ አንድ በአንድ ከታየኝ ትንንሾቹን አወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መልክ፣ አረንጓዴ ሆኖ ታች ድረስ የሚያሳየው፣ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ከባዱ እሱ ነው። እናንተ ዓሣውን ስታዩት እሱ እናንተን ካየ ቆይቷል። ለእኔ ምርጡ ውሃ በሁለቱ መሐል ያለው ነው፤ ትንሽ ደብዘዝ ያለና እየጎደለ ያለ። እየጎደለ መሆኑን ዳር ላይ ካለው እርጥብ አሸዋ ታውቃላችሁ። አሸዋው ረጥቦ ውሃው ወደ ውስጥ ሸሽቶ ከሆነ እየጎደለ ነው። ሣሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከሆነ እየሞላ ነው።

ውሃ ውስጥ ከመወርወር በፊት ድንጋይ ገልብጡ። ይህን የማያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ምሳው ምን እንደሆነ ሳታውቁ እንዴት ትጋብዙታላችሁ? ፈጣን ውሃ ውስጥ ያለ የጭንቅላት ያህል ድንጋይ ቀስ ብላችሁ አንሱና ሥሩን እዩ። ጠፍጣፋ ሆነው የሚሮጡ፣ ሦስት ጭራ ያላቸው ትንንሽ ነገሮች ታያላችሁ። ከደቃቅ ጠጠር ቤት ሠርተው ውስጡ የተኙ ትሎችም አሉ። አንዳንዴ ጎርምጥ ይሮጣል። ቀለማቸውን ልብ በሉ። ግልገል ዓባይ ላይ አብዛኞቹ ጠቆር ያለ ቡናማ ናቸው፤ ስለዚህ የእኔም ዝንብ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው።

ዝንቡን ራሴ ነው የምሠራው። የሚሸጥበት ሱቅ በቅርብ የለም፤ ቢኖርም ጥሬ ዕቃው ቤታችን ነው። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ የአንገቱንና የወገቡን ላባ አስቀምጣለሁ። ገብስማ ዶሮ ከተገኘ በዓሉ ለእኔ ሁለት በዓል ነው። ግራጫና ነጭ የተቀላቀለበት ላባ ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሕይወት ያለው ይመስላል። ቀይ ዶሮም ጥሩ ነው። ለሰውነቱ ቡናማ የበግ ሱፍ አለ፤ በጣት እየተፈተለ መንጠቆው ላይ ይጠመጠማል። ለክብደት ደግሞ ከተቃጠለ ሞተር ውስጥ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። መጀመሪያ ሽቦውን ከመንጠቆው አንገት በታች አጥብቄ እጠመጥማለሁ፣ በላዩ ሱፍ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ላባ። ላባውን አታብዙ። ሲበዛ ዝንቡ አይሰምጥም፤ የነጭ ዓሣ ምግብ ደግሞ አብዛኛው ታች ነው። ሲያልቅ በልብስ ስፌት ክር ቋጥሮ የጥፍር ቀለም ጠብ ማድረግ ይበቃል።

መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የሚያየውን ትንሽ ሹል በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኙት። ዓሣው ሲለቀቅ አይጎዳም፤ ጣታችሁ ላይ ሲሰካም፣ አንድ ቀን ይሰካልና፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ሳያስፈልግ ይወጣል።

ዘንጉ 5 ወይም 6 ቁጥር፣ ርዝመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ለሁሉም ይበቃል። ተንሳፋፊ ክር። ከጫፉ ላይ ቁመታችሁን ትንሽ የሚያልፍ ቀጭን ናይለን። ዕቃው ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው የሚገኘው፤ ዘመድ ካላችሁ ከጫማ ይልቅ ይህን አስመጡ። ቅያሪ ናይለን አትርሱ። ወንዞቻችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፣ ጠርዙ ክር ይበላል።

አወራወሩን በጽሑፍ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወንዝ ላይ ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። ወተት ዓባይ አካባቢ የማውቀው አንድ ቦታ አለ። ውሃው በድንጋዮች መሐል እየተንፎለፎለ ወርዶ ገደል ሥር ወዳለ ጥልቅ ቦታ ይገባል። ሰው ሁሉ ጥልቁ ላይ ነው የሚወረውረው። ዓሣው ግን ጠዋት ጠዋት የሚቆመው ፈጣኑ ውሃ ወደ ጥልቁ በሚገባበት ጫፍ ላይ ነው፤ ምግቡ እየተንከባለለ የሚመጣለት እዚያ ነው። ከታች ወደ ላይ ቀርቤ ሁለት የዘንግ ርዝመት ያህል ራቅ አድርጌ ወደ ላይ እወረውራለሁ። ዝንቡ ሰምጦ ከጅረቱ ጋር ወደ እኔ ሲመጣ ዘንጉን ቀስ እያልኩ ከፍ አደርጋለሁ። ክሩ ከመሬት ጋር እየተጎተተ ቱክ ቱክ ይላል፤ ያ ድንጋይ ነው። ድንገት ከቆመ ግን ዓሣ ነው። መንጠቅ አያስፈልግም፣ ዘንጉን ቀና ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ነው የሚወስነው። ነጭ ዓሣ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ክብድ ይላል፣ ቀጥሎ ወደ ታች ጅረቱን ይዞ ይሮጣል። ክሩን በጣታችሁ ይዛችሁ ልታስቆሙት ብትሞክሩ ይቆርጣችኋል።

እንዲህ ሳጠምድ አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከበሬዎቻቸው ጋር ቆመው ረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆዩ።

«እንደምን አደሩ አባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ፣ ትሉን የት አደረግኸው?»

«ትል የለውም አባ፤ ላባ ነው» ብዬ ዝንቡን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገለባበጡት።

«የዶሮ ነው?»

«የዶሮ።»

«ዓሣ ዶሮ በላ ልትለኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን ነገሩኝ። «እዚህ አይደለም ያለው። ውሃው እንዲህ ሲጎድል ወደዚያ ሾላው ሥር ይገባል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው መንጠቆ ባይዝም ዓሣውን ያውቀዋል። ሰላምታ ሳትሰጡ በሰው ማሳ አልፋችሁ ወንዝ አትውረዱ። ጥቅምትና ኅዳር ጤፉ የደረሰበት ጊዜ ነው፤ ድንበሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ኅዳር ላይ ሌላ ደስታ አለ። አጨዳ ሲጀመር ከማሳው የሚሸሸው ፌንጣ ነፋስ እየወሰደው ውሃ ላይ ይወድቃል። ያኔ የሚንሳፈፍ ዝንብ ነው የሚሠራው። ቢጫማ ሱፍ፣ በላዩ ቡናማ ላባ ጠፍጣፋ ሆኖ፤ ፌንጣ መምሰል አይከብደውም። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ካደረገች በኋላ፣ ሣሩ ውሃው ላይ የተንጠለጠለበትን ዳር ተከተሉ። ዓሣው ሲወጣ ታያላችሁ። እንደ እኔ ልብ ድካም ያለበት ሰው ባይሞክረው ይሻላል፤ ቀልዴን ነው።

ታኅሣሥና ጥር ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ደጋው ላይ በተለይ። ዓሣው ይዘገያል። እኔ ያኔ ተኝቼ አረፍዳለሁ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ብወጣ የሚያመልጠኝ የለም።

የካቲትና መጋቢት ወንዙ ቀጥኖ ስለሚጠብ ወደ ጣና እዞራለሁ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይናወጣል፣ ዳር ዳሩም ይደፈርሳል። ጠዋት መስታወት የመሰለው ውሃ ከሰዓት ማዕበል ይሆናል። በታንኳ የምትወጡ ከሆነ ረፋዱ ሳያልፍ ተመለሱ። ከዳር ለሚያጠምድ ዘጌ ጥሩ ነው፤ የቡናው ጫካ ጥላ አለው፣ ድንጋያማ ዳርቻም ይገኛል። ድንጋይ ባለበት ትንንሽ ዓሣ አለ፣ ትንንሽ ዓሣ ባለበት ትልቁ ነጭ ዓሣ ይመጣል። እዚያ ላይ ብርማ ረዘም ያለ ዝንብ አስራችሁ በአጭር በአጭሩ ሳቡ። ደንገል ዳር ዳሩን የተዘረጋ መረብ ካለ ራቁ። የሰው እንጀራ ነው፤ መንጠቋችሁ ከተያዘ ክሩን ቆርጣችሁ ዝንባችሁን ተዉት እንጂ መረቡን አትጎትቱ። እምቦጩ በብዛት ያለው በሰሜን ምሥራቁ በኩል፣ ጎንደር ዳርቻ ነው፤ በእኛ በኩል ብዙ አያስቸግርም።

ዐቢይ ጾም ላይ ባሕር ዳር ውስጥ የዓሣ ነገር ይደራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተዋለሁ። ለምሳ የምወስደው ካለ ቆሮሶ ነው። ነጭ ዓሣን አብዛኛውን ጊዜ እለቀዋለሁ። ሥጋው ይጣፍጣል፣ እሾሁ ግን ዱለት ካልተደረገ ትዕግሥት ይፈትናል። ስትለቁት እጃችሁን አርጥቡ፤ በደረቅ እጅ ከተያዘ ቆዳው ላይ ያለው ማለስለሻ ይላጣል። አፉን ወደ ጅረቱ አዙራችሁ ያዙት፤ ሲበረታ ራሱ ይሄዳል።

ከዚያ ግንቦት ይመጣል፤ ሁለተኛው ምርጥ ጊዜ፣ አደገኛውም። መጀመሪያ ላይ ወንዙ ከመቀነሱ የተነሳ ዓሣው ሁሉ ጥልቅ ጥልቁ ቦታ ላይ ተከማችቶ ይገኛል። ቀን ውሃው ይሞቃል፤ የተያዘ ዓሣ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ንጋት ላይ ብቻ ውጡ። ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይጥላል፤ በማግስቱ ወይም በዚያው ምሽት አሸኑ ይፈላል። ክንፍ ያለው ምስጥ ከመሬት ወጥቶ አየሩን ይሞላዋል፣ ክንፉ እየረገፈ ውሃ ላይ ይወድቃል። ያን ምሽት ወንዝ ዳር ከተገኛችሁ የምታዩትን ለማንም ብትናገሩ አያምንም። ሲደክም የዋለው ጥልቅ ውሃ ይፈላል። ቆሮሶ እንኳ ኩራቱን ይተዋል። ቡናማ ሱፍና ሁለት ነጣ ያሉ ላባዎች ያሉት ትንሽ ተንሳፋፊ ዝንብ ይበቃል።

አደጋው ደራሽ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ ናት፤ ሰከላ ወይም ጮቄ ላይ ግን ዘንቧል። ውሃው ሰዓት ቆጥሮ ይመጣል። ምልክቱን ላስቀምጥላችሁ። መጀመሪያ ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ መውረድ ይጀምራል። ቀጥሎ ነጭ አረፋ። የጠራው ውሃ ዳሩ ላይ ደብዘዝ ይላል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ድምፁ ይለወጣል፤ የሚያንሾካሹከው ወንዝ መጎርነን ይጀምራል። ከእነዚህ አንዱን እንዳያችሁ «አንድ ጊዜ ብቻ ልወርውር» አትበሉ። ውጡ፤ በገባችሁበት በኩል ውጡ። ማዶ ተሻግራችሁ ከሆነ የምታጠምዱት፣ ከሰኔ በፊትም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ማዶ አትገኙ። እረኞች ከብቱን ከወንዝ ሲያወጡ ካያችሁ ምክንያት አላቸው።

ከፏፏቴው በታች ስላለው ዓለም ጥቂት። ብር፣ ተምጫና ጨሞጋ የሚባሉት ወንዞች ሁሉም ወርደው ዓባይ የሚገቡት ከጢስ ዓባይ በታች ነው። ነጭ ዓሣ አለባቸው፣ ግን አብዛኞቹ የጣና ዝርያዎች እዚያ የሉም። ደጋው ላይ ያሉት ክፍሎች ለእግር የሚመቹ ናቸው፤ ደምበጫ አካባቢ ተምጫ ላይ ኅዳር ውስጥ ደስ የሚል ቀን አሳልፌያለሁ። ወደ በረሃው ሲወርዱ ግን ሙቀቱም አዞውም ሌላ ነገር ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላጠምድም፣ ግቡም አልልም። የዘንገና ሐይቅ ደግሞ ለዓይን ነው፤ እንጅባራ ስታልፉ ቆማችሁ እዩት፣ ዘንጉን ከመኪና አታውርዱ።

የጤና ነገር አትናቁ። ጣና ዳርና የረጋ ውሃ ባለበት ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል፤ የሚገባው ውሃው በነካው ቆዳ በኩል ነው፣ እግርም ሆነ እጅ። ቦቲው ለዚህም ነው። ውሃ ከገባበት ወዲያው አውጥታችሁ እግራችሁን በፎጣ አድርቁ። ወባ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ቆላውና ሐይቁ ዳር ይበረታል፤ ማለትም ልክ ማጥመዱ ጥሩ በሚሆንበት ሰዓት። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ሲመሽ ውሃ ዳር አትቆዩ። ከአሸኑ ምሽት በቀር፤ ያኔ ራሴንም ምክሬን አልሰማም።

ለጉዞው፣ ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ወተት ዓባይ ሚኒባስ ጠዋት ጠዋት አይጠፋም። ማታ ላይ መንገዱ ሰላም መሆኑንና የወንዙን መልክ እዚያ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ «ውሃው ቀይ ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ፣ ሁሉም ይገባዋል። ዘንጉን አፈታትታችሁ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት፣ ሁለቱንም ጫፍ ድፈኑት። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ልጫነው» ይላችኋል። እሺ አትበሉ። እግራችሁ ሥር ያዙት፤ ለቦታው ቢያስከፍላችሁም ክፈሉ።